ጠያቂና ተጠያቂ



የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ጥያቄ አጭር ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ ጡረታ ከወጣ በኋላ ቀሪው ጊዜ የማን ነው? የራሱ ነው ወይስ የሌላው? ጥያቄው ሽማግሌዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን አባቶቻችንና እናቶቻችን እዚያ ዕድሜ ላይ ደርሰዋል ወይም እየደረሱ ነው፤ እኛም እግዚአብሔር ዕድሜ ከሰጠን ነገ እዚያው እንገኛለን። ስለዚህ ጥያቄው የእኛም ነው።

በቅድሚያ ቃሉን እንመልከት። «ጡረታ» የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። መጦር ማለት ያረጁትን አባትና እናት መመገብ፥ ማልበስና መንከባከብ ማለት ነው። ሽማግሌዎች ሲመርቁን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» የሚሉን ይህን ይዘው ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ድንጋጌ በአገራችን የወጣው በ1953 ዓ.ም. ሲሆን የግል ድርጅት ሠራተኞች በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ በዚሁ ሥርዓት ታቅፈዋል። መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜም 60 ዓመት ነው። መጦር ግን ከሕጉ በፊት የነበረ ነው። በመጀመሪያ የሚናገረውም ሥራ ስለ ማቆም ሳይሆን ሰው ለሰው ስለሚያደርገው ነገር ነው። ዛሬ «እገሌ ጡረታ ወጣ» ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው ከመሥሪያ ቤት መቅረትና በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ ብቻ ሆኗል። ገበሬው ዘመዳችንማ ጡረታ የሚባል ቀን የለውም፤ ጉልበቱ እስኪከዳው ያርሳል፤ ከዚያ በኋላ ጧሪው ልጁ ነው።

ሁለተኛው ቃል «ጠየቀ» ነው። በአማርኛችን ይህ አንድ ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። ያላወቀ ሰው ለማወቅ ይጠይቃል፤ የታመመ ወይም የራቀ ዘመድ ያለው ሰውም ሄዶ ይጠይቃል። ለሁለቱ ሥራ አንድ ቃል መዋሉ ያለ ምክንያት አይመስለንም። ዘመድ ጥየቃ መሄድ ማለት ጥያቄ ይዞ መሄድ ነው፤ ጥያቄውም «እንዴት ነህ? እንዴት ነሽ?» የሚል ነው። እንግዲህ ጥያቄ ይዞ የሄደ ሰው መልሱን ሳይሰማ ቢመለስ ጠየቀ ሊባል ይችላልን? ይህን በልባችን ይዘን እንቀጥል።

በአጥቢያችን የሚኖሩ ባልና ሚስት ጡረተኞች አሉ። ስማቸውን አንጽፍም፤ እነርሱም እንዲጻፍ አይወዱም። ባልየው በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ወረዳዎች ሲያስተምሩ የኖሩ መምህር፥ ባለቤታቸው ደግሞ በጤና ጣቢያ ያገለገሉ ነርስ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ሁለቱ ሸራ ድንኳን ገዝተው፥ ስንቃቸውን ቋጥረው፥ ዘመድና ወዳጅ ሊጠይቁ ወጡ።

ይህ ለሰማው ሁሉ እንግዳ ነበር። በአውሮፓና በአሜሪካ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ድንኳን ጭነው ከሐይቅ ሐይቅ፥ ከደን ደን ሲዘዋወሩ መክረማቸው የተለመደ ነው፤ በዚያ ሐምሌና ነሐሴ የፀሐይ ወራት ናቸውና። በእኛ አገር ግን ቤተ ክርስቲያናችን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ጊዜ ዘመነ ክረምት ብላ ትጠራዋለች። ከፍታው ከ4000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት ወንዞች፥ ጨሞጋ፥ ተምጫ፥ ሙጋና ሱሃ ይሞላሉ። እግረኛው ወንዝ ዳር ቆሞ ውኃው እስኪጎድል ይጠብቃል፤ የመንገዱ ጭቃ ጫማ ያስወልቃል። ሰው ሠርግ የሚሠርገውና ዘመድ የሚጠይቀው እህሉ ከተወቃ በኋላ በጥርና በየካቲት ነው።

መምህሩና ባለቤታቸው ክረምቱን የመረጡት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ ነሐሴ 1 ቀን ጾመ ፍልሰታ ስለሚገባ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ አረጋውያን ቤታቸውን ለልጅ ወይም ለጎረቤት ትተው በየገዳሙና በየደብሩ ቅጥር ግቢ፥ በጎጆና በሸራ ሥር ሱባኤ ይይዛሉ። ስለዚህ የእኛ አገር ሽማግሌ በክረምት በድንኳን ማደርን አያውቅም ማለት አይቻልም፤ ያውቀዋል። ሁለተኛውን ምክንያት የተናገሩት ባለቤታቸው ናቸው፤ «በጥር ሁሉም ሰው ይጠየቃል፤ በነሐሴ ግን ማንም አይጠየቅም» አሉ።

ጉዟቸው እንዲህ ነበር። ሐምሌ 7 የቅድስት ሥላሴን በዓል በደብረ ማርቆስ አክብረው ወደ ደብረ ኤልያስ ሄዱ፤ በዚያ ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ፥ የመምህሩ የልጅነት ባልንጀራ ይኖራል። ከዚያ ተመልሰው ወደ ደምበጫ ወጡ፤ በዚያ አብሯቸው ያስተማረ ሰው ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት ተኝቶ ነበር። ሐምሌ ሲያልቅ በሉማሜ አድርገው ደጀን፥ ከደጀን በቢቸና በኩል ደብረ ወርቅ ደረሱ። ደብረ ወርቅ ማርያም የባለቤታቸው ታላቅ እኅት አጥቢያ ናት። በዚያ ሱባኤ ይዘው ነሐሴ 16 ጾሙን ፈቱ። በመጨረሻም የዓባይን በረሃ ተሻግረው አዲስ አበባ ያለችውን ልጃቸውን ጠየቁ፤ ጳጉሜን 3 የቅዱስ ሩፋኤልን በዓል እዚያው አክብረው፥ ዘመን ከተለወጠ በኋላ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ይህን ጉዞ የተቃወሙ ብዙዎች ነበሩ። ተቃውሟቸውም የሚናቅ አይደለም፤ እንዲያውም የነገሩ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ አንድ በአንድ እንመልከተው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የመጣው ከመምህሩ ከራሳቸው ነው። «ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ስናገር ኖሬአለሁ፤ አሁን መጽሐፌን ይዤ ዝም ማለት እፈልጋለሁ» አሉ። ይህ ትክክለኛ ምኞት ነው። የደከመ ሰው ዕረፍት ይገባዋል፤ ማንም ሊቀማው አይገባም። ግን ዕረፍት ምንድን ነው? የትምህርት ቤታችን ስም ራሱ ይህን ያስጠይቀናል፤ ሰንበት ማለት ዕረፍት ማለት ነውና። ጌታችን በሰንበት ቀን ሕሙማንን ሲፈውስ ዕረፍትን ማፍረሱ አልነበረም፤ ዕረፍት ለምን እንደ ተሰጠ ማሳየቱ ነበር። በሥራ ዘመን የሰው ጊዜ የደወልና የፊርማ ነው። የዘመድ ሞት እንኳ የሚሰጠው የተቆጠረ ቀን ነው። መምህሩ የደብረ ኤልያሱ ባልንጀራቸው ሚስቱን ሲቀብር ደርሰው በማግሥቱ ተመልሰዋል፤ የፈተና ሳምንት ነበረና። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ግን ያልተፈጸመ ነገር ነው። ዕረፍት ማለት እንዲህ በሥራ ብዛት የተጓደለውን ለመሙላት ነጻ መሆን ነው እንላለን።

አባታችን አብርሃም ከካራን የወጣው በ75 ዓመቱ ነው። በ99 ዓመቱም በቀትር በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስቱን እንግዶች ባየ ጊዜ ሮጦ ተቀበላቸው፤ ሣራም በእርጅናዋ ዱቄት ለውሳ ጋገረች። ሐምሌ 7 የምናስበው ይህንኑ ነው። ሁለት ያረጁ ባልና ሚስት፥ አንድ ድንኳን፥ የቀትር ሙቀት፤ ከዚያ ቀን በረከት ዓለም ሁሉ ተካፍሏል። አብርሃም ሽማግሌ ነኝ ብሎ ከመቀመጫው ባይነሣ ማንም አይወቅሰውም ነበር፤ እርሱ ግን ተነሣ። የመምህሩ ባለቤትም ለባላቸው የመለሱት አጭር ነበር፤ «ዝምታ ከፈለግህ ድንኳን ውስጥ ከዝናቡ በቀር የሚናገር የለም፤ መጽሐፍህን ያዝ» አሏቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጎረቤት የመጣ ነው፤ ከሁሉ የከበደው ይህ ይመስለናል። ሐምሌና ነሐሴ በገጠር ጎተራ የሚጎድልበት ጊዜ ነው። አሮጌው እህል አልቋል፤ አዲሱ ገና ቡቃያ ነው። ገበሬው ጤፍ ይዘራል፥ ያርማል፥ ውሎው በጭቃ ነው። በዚህ ጊዜ እንግዳ ሲመጣበት የአገራችን ሰው «የለኝም» አይልም። ለልጆቹ የቆጠበውን አውጥቶ ያቀርባል፤ ከሌለውም ተበድሮ ያበላል። እንግዳው ጠግቦና መርቆ ይሄዳል፤ ቤተ ሰቡ እስኪያጭድ ድረስ ይቸገራል። እንዲህ ያለው ጥየቃ ፍቅር ነው ወይስ ዕዳ መጫን?

እኛ በጉዳዩ ስንወያይ ከመካከላችን «እንዲህ ከሆነ በክረምት አለመሄድ ይሻላል» ያሉ ነበሩ። ነገር ግን በዚያ ሐሳብ ከጸናን ሰው በጣም በሚቸገርበት ወር ብቻውን ይሆናል። ለዚህ መልስ የሆነው ድንኳኑ ነው። መምህሩና ባለቤታቸው ማደሪያቸውንና ስንቃቸውን ይዘው ሄደዋል፤ በሶ፥ ድርቆሽ፥ ቆሎና ሽሮ፥ ለባለቤቱም ቡናና ጨው። በደብረ ኤልያስ ከባልንጀራቸው ጓሮ ድንኳኑን ተከሉ፤ ጎርፉ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ ቆፈሩ፤ ሣር ጎዘጎዙ።

ባልንጀራቸው ግን ተቆጣ። «ቤቴ ቆሞ ሳለ በደጄ ሸራ ትተክላላችሁ? አገር ምን ይለኛል?» አለ። እውነቱን ነው፤ ምንም የማይቀበል እንግዳም ባለቤቱን ያዋርዳል። ስለዚህ እንዲህ ተስማሙ። ማደሪያቸው ድንኳኑ ሆነ፤ ራታቸውን ግን በባልንጀራቸው ምድጃ ዳር፥ እርሱ ያለውን፥ ቅቅል ድንችም ይሁን ጎመን፥ አብረው በሉ። ቀን ቀን መምህሩ ከእርሱ ጋር አረም ወረዱ። ጉልበታቸው የመምህር ጉልበት ስለሆነ ብዙ አላረሙም፤ ቢሆንም ሰውዬው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በእርሻው ውስጥ ብቻውን ይውል ነበርና የሚያነጋግረው ሰው አገኘ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው፤ ባዶ እጁን የሚመጣ እንግዳ ሸክም ይሆናል፤ እጁን የማይዘረጋ እንግዳ ደግሞ ስድብ ይሆናል። የጠያቂ ብልኀት በሁለቱ መካከል ነው።

ድንኳን በሃይማኖታችንም እንግዳ ነገር አይደለም። «ደብተራ ኦሪት» ስንል ደብተራ ማለት ድንኳን ነው። በጥምቀት ዋዜማ ታቦቱ ከመንበሩ ወጥቶ በድንኳን ያድራል፤ ሕዝቡም በዙሪያው ያድራል። የጎጃም የአብነት ተማሪም ከአገሩ ርቆ፥ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ በምትሠራ ትንሽ ጎጆ እየኖረ ነው ቅኔ የሚማረው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የተማሩ ናቸው። ጥቂት ይዞ መንገድ መውጣትና በትንሽ መጠለያ ማደር በምድራችን የቆየ ትምህርት ነው፤ ለወጣት ከተፈቀደ ለሽማግሌም አያሳፍርም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከአዲስ አበባ በስልክ መጣ። ልጃቸው «አባዬ፥ እማዬ፥ እናንተ መጠየቅ ሲገባችሁ ለምን በዚህ ዝናብ ትንከራተታላችሁ? ለአክስቴ በየወሩ እደውላለሁ፤ ገንዘብም እልካለሁ» አለች። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክ ቀሏል፤ ይህም ትልቅ በጎ ነገር ነው። ልጅቱ የምታደርገው ጡረታ በሚለው ቃል ሙሉ ትርጉም መጦር ነውና ልትመሰገን ይገባታል። ታዲያ ገንዘቡ ከደረሰ፥ ድምፅም ከተሰማ፥ ምን ቀረ?

የቀረውን ለማየት የአገራችንን የሰላምታ ሥርዓት እንመርምር። ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል የመጀመሪያ መልሱ «ደኅና ነኝ፥ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። በሬ የሞተበትም፥ ልጅ የታመመበትም እንዲሁ ይላል። ይህ ሐሰት አይደለም፤ በማንኛውም ሁኔታ ፈጣሪን ማመስገን ተምረናልና። ግን የጥያቄው መልስ አይደለም። እውነተኛው መልስ ሁለተኛው መልስ ነው። እርሱም የሚመጣው ቡናው ከተጠጣ፥ ልጆቹ ከተኙ፥ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም በሦስተኛው ቀን ነው። ስልክ የመጀመሪያውን መልስ በደንብ ያደርሳል። ሁለተኛውን ለመስማት ግን መቆየት ያስፈልጋል።

በደብረ ወርቅ የሆነው ይህ ነው። ታላቅ እኅታቸው በስልክ ሁልጊዜ «ደኅና ነኝ» ይሉ ነበር። በፍልሰታ ሦስቱም በአንድ ሸራ ሥር አደሩ። በሦስተኛው ቀን ከቅዳሴ ተመልሰው ሲቀመጡ እኅትዮዋ ውኃ ለመቅዳት ጣታቸውን በኩባያው አፍ ላይ አደረጉ፤ ውኃው ጣታቸውን ሲነካ ጆጉን ቀና አደረጉ። ይህን ነርሷ አዩ። ቀርበው ዓይናቸውን ሲመለከቱ ሁለቱም ሞራ ለብሷል። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ቢሏቸው «ካቻምና ጀምሮ ነው፤ ልጆቹን ላለማስጨነቅ ብዬ ነው» አሉ። የሚላከው ገንዘብም በጎረቤት ልጅ እጅ እየተቆጠረ ይሰጣቸው ነበር።

በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት የዓይን ሞራ ነው፤ በቀላል ቀዶ ሕክምናም ይወገዳል። ጾሙ እንደ ተፈታ እኅትዮዋን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ ሕክምናውም በልጃቸው ገንዘብ ተደረገ። በመስከረም እኅትዮዋ የአንድ ዓይናቸው ብርሃን ተመልሶ የእኅታቸውን ሽበት አይተው ሳቁ። እንግዲህ ገንዘቡም አስፈላጊ ነበር፤ ስልኩም አስፈላጊ ነበር። ግን ገንዘቡ ለምን እንደሚያስፈልግ ያወቀው በሸራው ሥር የከረመው ሰው ነው።

መጽሐፈ ጦቢትን ያነበባችሁ ነገሩን ታስታውሱታላችሁ። ጦቢትና ሐና ያረጁ ባልና ሚስት ነበሩ፤ የጦቢት ዓይን ነጭ ነገር ለብሶ ታውሮ ነበር። ልጃቸው ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር ሩቅ አገር ሲሄድ እናቱ ሐና መንገድ መንገዱን ታይ ነበር። የአባቱን ዓይን ያዳነው መድኃኒት የተገኘው በጉዞው ላይ ነው። ከቤት ባይወጣ ኖሮ አይገኝም ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ጳጉሜን 3 ቀን፥ በክረምቱ ዝናብ መካከል ታስበዋለች።

አራተኛው ተቃውሞ ከመንፈሳዊ ሰው የመጣ ነው። «ሱባኤ ከሰው ተለይቶ ከእግዚአብሔር ጋር ለመነጋገር ነው፤ ዘመድ ጥየቃ ከተጨመረበት ሱባኤ መሆኑ ቀረ» የሚል ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። በሱባኤ ስም ሄዶ ወሬ የሚያወራ ሰው ለራሱም ሳይሆን የሌላውንም ጸሎት ያውካል። ስለዚህ እነዚህ ባልና ሚስት ሥርዓት ሠርተው ነበር፤ ከሌሊት ጀምሮ ቅዳሴው እስኪፈጸም ጸሎት እንጂ ጨዋታ የለም፤ ከዚያ በኋላ ባለችው ሰዓት ግን እርስ በርስ ይጠያየቃሉ።

ደግሞም ፍልሰታ የእመቤታችን ጾም ነው። ስለ እርሷ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 የምናነበው ምንድን ነው? መልአኩ ካበሠራት በኋላ ወደ ተራራማው አገር ፈጥና ሄደች፤ በእርጅናዋ የፀነሰችውን ዘመዷን ኤልሳቤጥን ጠየቀች፤ ሦስት ወር ያህልም ከእርሷ ጋር ተቀመጠች። ሦስት ወር የእኛን ክረምት የሚያህል ጊዜ ነው። ለሰላምታ ብቻ ቢሆን አንድ ቀን ይበቃ ነበር። በዚያች ቤት ምስጋናና ጸሎት ነበረ፤ ለአረጋዊት ነፍሰ ጡር የሚደረግ የቤት ሥራም እንደ ነበረ ማሰብ አይከብድም። አንዱ ሌላውን አላስቀረም። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ ንጹሕ የሆነውን አምልኮ ሲገልጥ በችግራቸው ያሉትን የሙት ልጆችና ባልቴቶች መጠየቅን በመጀመሪያ ያነሣል።

እስካሁን የተናገርነው መንገድ ክፍት በሆነበት ዘመን ስለ ተደረገ ጥየቃ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ግን ብዙ ጊዜ መንገድ ተዘግቷል፤ በይነመረብም ለወራት ተቋርጧል። ብዙዎቻችን የወላጆቻችንን ድምፅ ሳንሰማ የቆየንበት ጊዜ አለ። ታዲያ ጥየቃ ግዴታ ከሆነ መንገድ በተዘጋ ጊዜ ግዴታው ወዴት ይሄዳል?

አንዳንዶቻችን «እውነተኛ ፍቅር ካለ ሰው ሞትንም ቢሆን ደፍሮ ይሄዳል» ብለን ነበር። ነገሩን ስናጤነው ግን ይህ ትክክል አልመሰለንም። እግዚአብሔር ከሰው የሚፈልገው ሰው የሚችለውን ነው። ሳይደርስ በመንገድ የሚቀር ጠያቂ ለተጠያቂው ሁለተኛ ኀዘን ይሆናል። መምህሩና ባለቤታቸውም በዚያ ዓመት ድንኳናቸውን አጥፈው አስቀመጡ፤ በኋላም ለእድራቸው አዋሱት። በአገራችን ድንኳን ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው በለቅሶ ነው። የእነርሱ ሸራ ትንሽ ስለሆነ ለለቅሶተኛው አይበቃም፤ ግን ምግብ ለሚሠሩት ሴቶች ከዝናብ መከለያ ሆነ።

እነርሱስ ምን አደረጉ? በእግር የሚደረስበትን መጠየቅ ጀመሩ። በከተማችን ሆስፒታል ከገጠር መጥተው የተኙ፥ መንገድ በመዘጋቱ ዘመድ ሊደርስላቸው ያልቻለ ሕሙማን ነበሩ። ሁለቱ አጥሚትና ፍትፍት ይዘው ወደማያውቋቸው ሰዎች ይሄዱ ጀመር። ከአልጋው ዳር ተቀምጠው «እንዴት አደሩ?» ይላሉ፤ የመጀመሪያውን መልስ ሰምተው አይነሡም። ከወጣቶቻችን አንዱ «የማያውቁትን ሰው መጠየቅ ከዘመድ ጥየቃ ጋር አንድ ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቃቸው ባለቤታቸው «ልጄ፥ እኅቴ ደብረ ወርቅ ናት፤ እኔ ልደርስላት አልቻልሁም። እኔ እዚህ የሌላውን እኅት ስጠይቅ፥ እዚያ የእኔን እኅት የሚጠይቅ ሰው ይኖራል ብዬ አምናለሁ» ሲሉ መለሱለት።

ይህን መልስ ብዙ ቀን ተነጋግረንበታል። አንድ ወንድማችን «ይህ ተስፋ እንጂ ማስረጃ አይደለም» አለ፤ ልክ ነው። በደብረ ወርቅ እኅታቸውን ማንም ላይጠይቃቸው ይችላል። ነገር ግን ሁሉም ሰው ማስረጃ እስኪያገኝ ቢጠብቅ የሚጠየቅ አይኖርም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ስለ መጨረሻው ፍርድ ሲናገር፥ የታመመውንና የታሰረውን መጠየቅን ለራሱ እንደ ተደረገ ቈጥሮታል። የታመመው ዘመድህ ነው ወይ? ስንት ርቀት ሄድህ? ብሎ ሲመረምር ግን አናነብም። ስለዚህ ዘመድ ጥየቃ ከዘመድ ይጀምራል እንጂ በዘመድ አያበቃም።

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። የጡረተኛ ጊዜ የማን ነው? መልሳችን ይህ ነው። ጊዜው የራሱ ነው፤ ማንም በግድ ሊያዝበት አይችልም። አቅም አጥቶ የተቀመጠ ሽማግሌም ባለመሄዱ ኃጢአተኛ አይባልም፤ የእርሱ ድርሻ በጸሎት ማሰብና በምርቃት መቀበል ነው። ነገር ግን የራሱ በመሆኑ ብቻ ሊሰጠው ይችላል። በሥራ ዘመን መስጠት የማይቻለው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ የሁለተኛውን መልስ መምጣት የሚጠብቅ ረጅም ጊዜ። ገንዘብ ያለው ገንዘቡን፥ ጉልበት ያለው ጉልበቱን ይሰጣል፤ ጡረተኛ ደግሞ ማንም የሌለው ጊዜ አለው።

ይህ ሲባል የሽማግሌዎቹ ትጋት የእኛን ድርሻ አያነሣልንም። «ተጠያቂ» የሚለው ቃል በቋንቋችን የሚጠየቀውን በሽተኛ ወይም ዘመድ ይገልጻል፤ ደግሞም ኀላፊነት ያለበትንና መልስ መስጠት የሚገባውን ሰው ይገልጻል። ወደ ኤልሳቤጥ የሄደችው ወጣቲቱ ነበረች፤ አረጋዊቷ በቤቷ ቆየቻት። ጉልበት ያለው ይሄዳል፤ ጉልበት የደከመው ይቆያል፤ የጥየቃ ተፈጥሯዊ ሥርዓቱ ይህ ነው። ሽማግሌ ሲሄድ ብናይ በረከት ነው፤ ወጣት ሲሄድ ብናይ ግን ሥርዓቱ ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ከሰንበት ጉባኤያችን በኋላ ሁለት ሁለት እየሆንን በአጥቢያችን ያሉትን አረጋውያንና በሆስፒታል ያሉትን ሕሙማን እንድንጠይቅ እናሳስባለን። ስንሄድ ባዶ እጃችንን አንሂድ፤ ያቀረቡልንን አንናቅ፤ ሸክም እስክንሆንም አንቆይ። «ደኅና ነኝ፥ እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሉን አብረን እናመስግን፤ አመስግነንም ጥቂት እንቀመጥ። ውኃ ሲቀዱ እጃቸውን እንመልከት።